የጋሽ ቢተው አፈር

(ሰኔ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከጋሽ ቢተው የአተር ማሳ ዳር፤ የቀበሌው የሰብል ባለሙያ ስንዱ የተነቀለ አተር ይዛ ቆማለች።)

ቢተው፦ አንሺልኝ ይኼን ወረቀት! የቢተው አፈር ታመመ ብዬ ልፈርም? ድንጋይ ቢዘሩበት የሚያፈራ አፈር እኮ ነው!

ስንዱ፦ ፊርማው ይቅር፣ ጋሼ። አፈርዎን የወሰዱትን ሰዎች ስም ብቻ ይንገሩኝ።

ቢተው፦ ምን አጠፉ? አተር ከሰመረለት ማሳ አፈር ዘግኖ ዘርን ለውሶ መዝራት ያባቶቻችን ወግ ነው። ደግሞ ለኔ አፈር ሰው እንደ ጠበል ተሰልፏል!

ስንዱ፦ ወጉን እኔም እወደዋለሁ፤ አፈሩ ጤነኛ ከሆነ። ይቺን ሥር ይዩልኝ።

ቢተው፦ ጠቁራለች። ታዲያስ? የዘንድሮው ዝናብ እንኳን አተርን ዝሆንን ያበሰብሳል።

ስንዱ፦ እስቲ ሳብ ያድርጓት።

ቢተው፦ ...ልጣጯ እጄ ላይ ቀረ።

ስንዱ፦ ሻጋታ ነው። ውስጧን ጨርሷታል።

ቢተው፦ እሷማ ውሃ ከሚያቁረው ከታችኛው በኩል ናት! እኔ ለሰው የሰጠሁት ከላይኛው ነው። እይው፣ አረንጓዴነቱ ከአውሮፕላን ላይ ይታያል።

ስንዱ፦ ከላይኛውም ነቅዬ ላቦራቶሪ ልኬ ነበር። ሥሩ ነጭ፣ የሚያምር። ከውስጡ የበቀለው ሻጋታ ግን ያው ራሱ ነው።

ቢተው፦ ታዲያ ለምን አልጠወለገም?

ስንዱ፦ ጤነኛ ሥርም ሻጋታ አያጣም። አንዳንዱ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ይኼኛው ግን አድብቶ እርጥበት ይጠብቃል።

ቢተው፦ ...ሰማዩም ከበደ።

ስንዱ፦ የምቸኩለው ለዚሁ ነው። አንዴ መሬት ከገባ ለዓመታት አይወጣም። እርስዎ አገሩን ቀድመው በግንቦት ዘሩ፤ ሌላው የሚዘራው ገና በዚህ ሳምንት ነው። ዘሩን ሳይበትኑ ልድረስባቸው። ለስንት ቤት ሰጡ?

ቢተው፦ ለአርባ።

ስንዱ፦ ጋሼ! አንዲት ቀበሮ አባረው አሥራ ሁለት ነብር ገደልኩ ያሉ ሰው እኮ ነዎት።

ቢተው፦ አሥራ አራት።

ስንዱ፦ እሺ፣ አሥራ አራት። አርባው ግን አሥር ነው ይበሉኝ። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ አጋንኛለሁ ይበሉኝ።

ቢተው፦ ስንዱ፣ ልጄ...

ስንዱ፦ አቤት።

ቢተው፦ አሳንሼ ነው የነገርኩሽ። ከወንዙ ማዶ ያሉትን አልቆጠርኳቸውም፤ እነሱ ትናንት ዘርተው ጨርሰዋል።