መሪጌታ ሙሉብርሃንና እሾህ የሌለው ኮሸሽላ

ከአዳማ፣ ከዱከምና ከቡልቡላ ድረስ ለለቅሶ የመጣችሁ ወገኖች፣ አሁን የምትሰሙት የመሪጌታ ሙሉብርሃን ገብረወልድ ዜና ሕይወት ነው። ሟቹ በአልጋቸው ላይ ሳሉ፣ ካለሙት ይልቅ ያጠፉት እንዲነበብ አደራ ስላሉኝ፣ እኔ የባለቤታቸው ወንድም ዘገዬ ሳልወድ አነበዋለሁ።

መሪጌታ ከአባታቸው ከቄስ ገብረወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ በምንጃር በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ከተቀኙ በኋላ፣ ባቡር አዳማ ሲደርስ ወደ ቆላው ወርደው በድጓ መምህርነትና በጽሕፈት ሥራ ኖሩ፤ እህቴን ወይዘሮ ሮማነወርቅንም አግብተው ሐዲስንና ዘርፉን ወለዱ። ሳይጠየቁ የሚረዱ፣ የጎረቤት በቅሎ ቆማ ካዩም ጠምቷት ነው ብለው ውሃ የሚያጠጡ ሰው ነበሩ። ይህ ጠባያቸው ብዙ ሰው አስደስቷል፤ አንዳንዱንም አስቸግሯል።

በ1919 ዓ.ም. ለጽሕፈት ሥራ ወደ ቡልቡላ በተላኩ ጊዜ፣ በየበዓሉ በአቶ ወዬሳ ታንኳ የዝዋይን ሐይቅ እየተሻገሩ በአንዱ ደሴት ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር። በመንገዳቸው ላይ ሰው የማይኖርባት፣ ሁለመናዋ ጥቁር ድንጋይ የሆነች ትንሽ ደሴት ነበረች፤ በዚያችም ላይ፣ በሐይቁ ዳር የፍየል አፍ የሚያደማው ኮሸሽላ፣ ቅጠሉ እንደ ባዘቶ ለስልሶ፣ አንዲት እሾህ ሳይኖረው በቅሎ አዩት። በ1921 ዓ.ም. መሪጌታ በአስተርጓሚነት ያገለገሏቸው አንድ የውጭ አገር የድንጋይ ሊቅ፣ ደሴቲቱ ከሐይቁ በታች ያለ እሳት አቅልጦ ያወጣት ድንጋይ መሆኗን፣ ከየብስ ጋርም ተገናኝታ እንደማታውቅ ነገሯቸው፤ ነፋስ ወይም ወፍ ያመጣው ዘርም የሚግጠው እንስሳ በሌለበት ለማይቆጠር ዘመን ሲዋለድ ኖሮ፣ ትውልድ በትውልድ እሾሁ እየሳሳ እንደ ጠፋ፣ ሥሩም ውሃ የማይቋጥር የድንጋይ ስንጥቅ እንደ ለመደ አስረዷቸው። መሪጌታም ፈጣሪን አመስግነው ተክሉን “የዋህ” ብለው ሰየሙት።

በ1922 ዓ.ም. ለደሴቱ ቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጡትን ፍየሎች ጅብ ከሐይቁ ዳር እየነጠቀ ቢያስቸግር፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማንም ሳያማክራቸው መሪጌታ ተነሥተው ፍየሎቹ ጅብ ወደማይደርስባት ወደ ጥቁሯ ደሴት ይሻገሩ ብለው አሳሰቡ። ሽማግሎቹ መረቋቸው፤ ፍየሎቹም ተሻገሩ፤ እኔም አድንቄያቸው ነበር። እሾህ የሌለው ነገር ራሱን እንደማያድን ያን ያህል ተምረው ሳለ፣ በዚያች ቀን ትዝ አላላቸውም። በዓመቱ ሄደው ሲያዩ ፍየሎቹ ተዋልደው፣ የዋህ ተነቅሎ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ይውጡልኝ ብለው ቢማጠኑም፣ የስለት እንስሳ ከንግሥ በፊት ከተቀመጠበት አይነሣም ተባለ፤ ንግሡ ደርሶ ፍየሎቹ ሲወጡ የቀረው ባዶ ድንጋይ ነበር።

አቶ ወዬሳ ከስንጥቅ ለቅሞ የሰጣቸውን አንድ ጭብጥ ዘር መሪጌታ ወደ አዳማ አምጥተው፣ መሬቱን አለስልሰው፣ ፍግ ነስንሰው፣ ጠዋት ማታ እያጠጡ ዘሩት። እህቴ ግማሹን አስቀምጠው ብትላቸው፣ ለእንግዳ ምን ይቆጠባል ብለው ሁሉንም ጨረሱት። ተክሉ እንደ ጎመን ለምልሞ በቀለ፤ ክረምት ሲገባም ድንጋይ የለመደ ሥሩ በረግረጉ በስብሶ አንድ ሳይቀር ሞተ።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ሲስቁ አላየንም። ኮሸሽላ በየአጥሩ ሞልቶ የለም ወይ ብዬ ላጽናናቸው ብሞክር፣ እግዚአብሔር በስንት ሺህ ዘመን የሠራውን እኔ በሁለት ክረምት ጨረስኩት ብለው መለሱልኝ።

ዘንድሮ በጥር ወር፣ የደረት ሕመም ጠንቶባቸው ሳለ ተከልክለው እንቢ በማለት ወደ ደሴቲቱ ተሻገሩ። ሲመለሱም፣ የፍየል እግር በማይደርስበት ገደል ውስጥ አንድ የዋህ አብቦ አየሁ አሉ። አጥር እንድንሠራለት፣ ዘሩንም እንድንለቅምለት ቦታውን ብንጠይቃቸው፣ እስከ ዛሬ ሁሉን ሳይጠይቀኝ ረድቻለሁ፣ ይህ አንዱ ግን ከእኔም ከእናንተም ይዳን ብለው ሳይነግሩን ቀሩ። ታንኳው ውስጥ ሆኖ የጠበቃቸው አቶ ወዬሳም ያየው ነገር የለም። በእውነት አይተውት እንደሆነ ወይስ ራሳቸውን ማጽናናታቸው እንደሆነ እኔ አላውቅም። ከትናንት በስቲያ ሚያዝያ 9 ቀን 1926 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

መሪጌታ ሙሉብርሃን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ ልጆቻቸውን ሐዲስንና ዘርፉን፣ ብዙ ደቀ መዛሙርትንና ወዳጃቸውን አቶ ወዬሳን ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ በደግነት ያጠፉትን ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ያ ተክል በዚያ ገደል ውስጥ በእውነት ካለም፣ እኛን ያርቅለት። አሜን።