በአንድ ቃል የተሠራው ድልድይ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከመምህር ሮበሌ ጋራ ከጎፋ ወደ ላፍቶ በእግር ስንመለስ ወንዙ ዳር ባላምባራስ እንግዳን አገኘናቸው። ባላምባራስ የአካባቢያችን ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ኩታቸውን አጣፍተው በከዘራቸው መሬቱን እየወጉ ርቀት ይለካሉ። የሚለኩት ስፍራ ባለፈው ሚያዝያ ድልድያችንን ደራሽ ውሃ የወሰደበት ያው ስፍራ ነው። ከፈረሰው ድልድይ ግንዶች አንዱ እንኳ ገና ከጭቃው ውስጥ አልተነቀለም። ደሜ ፈላ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፣ ደግ መጣችሁ» አሉን። «እሑድ ሰው ይሰበሰባል። ክረምቱ ሳይብስ ድልድዩን መልሰን እንተክላለን። እዚሁ ላይ፤ አሁን ግን ግንዱን ወፈር እናደርገዋለን።»

ሮበሌ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ በቁጣ ጊዜ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። በዚህ እቀናበታለሁ።

«ባላምባራስ፣ ካላስቀየምኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ስፍራውን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይመርጣል? ሰዉም ‹እንዳሉት ይሁን› ብሎ ተስማምቷል። ጸሐፊው ይኸው፤ መዝገቡን ያውጣ።»

እውነታቸውን ነው፤ መዝገቡ ላይ አለ። ድልድዩ መጀመሪያ ሊሠራ ሲል በተደረገው የጥር ስብሰባ ባላምባራስ ቀድመው ተነሡና ስፍራውን ነግረውን ተቀመጡ። ሂርጳ የሚባለው ሽማግሌ ገበሬ «ጌታዬ፣ ውሃው እዚያ ጋ...» ብሎ ገና ሲጀምር «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንከው?» አሉት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሂርጳ ተቀመጠ፤ እኔም ብዕሬን አንሥቼ «ሁሉም በአንድ ቃል ተስማሙ» ብዬ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤው በጠቅላላው አራት መስመር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የምናደደው በባላምባራስ ይሁን በገዛ እጄ መለየት ያቅተኛል።

«ሰው እሺ ያለዎት አምኖ ነው ወይስ ፈርቶ?» አለ ሮበሌ።

«አመነም ፈራም እሺ ብሏል! አለቃ ማለት የሚያዝ ነው። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን መቶ ሰው መርቻለሁ። ጥይት ሲዘንብ ‹ወገኖቼ ምን ይመስላችኋል?› እያልኩ ድምፅ ስሰበስብ ብውል ኖሮ ዛሬ ከፊትህ ባልቆምኩ። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሯችሁም?»

«የጦሩን ነገር ማንሣትዎ ደስ ይለኛል። ከጦሩ ፊት የሚሄድ ቃፊር አልነበረዎትም?»

«ያለ ቃፊርማ ማን ይሄዳል!»

«ቃፊሩ ተመልሶ ‹ባሰቡት መንገድ ጠላት አድፍጧል፣ በዚያ አንሂድ› ሲልዎት ‹ከመቼ ወዲህ ነው አዛዥ የሆንከው› ይሉት ነበር?»

ባላምባራስ ከዘራቸውን ከመሬት ነቀሉ። «ምን ነካህ! እሸልመዋለሁ እንጂ!»

«አይቶ ዝም ቢልዎትስ?»

«ዝም ካለማ ከዳተኛ ነው! ይረሸናል!»

«እንግዲያው ላፍቶ በሙሉ ይረሸን!» አልኩ እኔ። እንዲህ እጮሃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። «ይህን ወንዝ የሚያውቅ ሁሉ አይቶ ዝም ብሏል። ዝምታውንም ስምምነት ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የባላምባራስ ፊት ጠቆረ። «በንቲን እንጠይቀዋ!» አሉ። «ድልድዩ ሲሄድ ላዩ ላይ የነበረ እሱ ነው። አደጋ መኖሩን ቢያውቅ ይረግጠው ነበር? ኑ፣ ተከተሉኝ!»

በንቲ ወተት ወደ ከተማ እያደረሰ የሚኖር ገበሬ ነው። በዚያ ሚያዝያ ጧት ወተቱን ተሸክሞ ሲሻገር ድልድዩ ከእግሩ ሥር ሄደ። ባለሱቁ ዑስማን ገመድ ጥሎ ባያወጣው ኖሮ የምንጠይቀው ሰው አይኖርም ነበር። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ በወጌሻ ታሽቶና ታስሮ መደብ ላይ ተኝቷል። ስንገባ ለመነሣት ተንፈራገጠ።

«ተው፣ ተኛ» አሉት ባላምባራስ። «በንቲ፣ እውነቱን ንገረኝ። ድልድዩን የተከልንበት ስፍራ ስህተት ነበር?»

በንቲ የታሰረ እግሩን አየ፤ ቀጥሎ ባላምባራስን አየ። «ኧረ ጌታዬ! እርስዎ ያሉት ልክ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሸክም አብዝቼ ነው።»

ባላምባራስ ወደኛ ዞሩ። ፊታቸው ግን የረታ ሰው ፊት አልነበረም።

የበንቲ ሚስት ገዲሴ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። የያዘችውን ቅል መሬት አስቀመጠች።

«ይዋሻል!» አለች። «ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ ይዋሻል። ከስብሰባው የተመለሰ ዕለት እህል አልቀመሰም። ‹ያ ቦታ ውሃው የሚታጠፍበት ነው፤ ክረምቱን አይችልም› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን አልተናገርክም› ስለው ‹ማን ጠየቀኝ› አለ። ደኅናው ቦታ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ በላይ ነው፤ ወዲህም ወዲያም አለት ነው። ከብት የሚያጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ምነው አትነግሩኝም?» የባላምባራስ ድምፅ ዝቅ ብሏል።

«መንገዱ በእርስዎ የሣር መሬት ስለሚያልፍ ነዋ! ባላምባራስ ሣራቸውን አያስረግጡም ተባለ።»

«ማን አለ? እኔ ብያለሁ?»

«እርስዎስ አላሉም። ግን እርስዎን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ይኸው የባሌ እግር ሄደ! አሁንም እዚያው ሊተክሉ ነው ይባላል። ደግሞ የማንን እግር ይፈልጋሉ?»

በንቲ «ዝም በይ፣ ስለ አምላክ ዝም በይ» እያለ ይለምናታል። ዝም አላለችም።

ባላምባራስ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«እግሩ ተሰብሮ እንኳ ልክ ነዎት ይለኛል» አሉ። «ጠላት እንኳ እንዲህ አድርጎ አላታለለኝም።»

«በንቲ አላታለለዎትም» አለ ሮበሌ። «እርስዎ ቀድመው ሲናገሩ ለሌላው ሰው የሚቀረው ወይ እሺ ማለት ወይ ከእርስዎ መጣላት ነው። ከእርስዎ ተጣልቶ ደግሞ እዚህ አገር ማን ይኖራል? ደኅና መሪ ማዘዝ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ክፉ ወሬ ሳይፈራ የሚያመጣለት ሰው አለው። እሑድ መጨረሻ ይናገሩ። ሰምተው ሲያበቁ ይወስኑ፤ ያን ጊዜ ውሳኔው በእውነት የእርስዎ ይሆናል፤ ኃላፊነቱም።»

«አመሌ ነው እኮ ልጄ። ባልችልስ?»

«አጠገብዎ እቀመጣለሁ» አልኳቸው።

እሑድ ሰው ሲሞላ ባላምባራስ «ዛሬ እኔ መጨረሻ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። ሰው ግራ ተጋባ። የሚናገር ጠፋ። ባላምባራስ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለት ጊዜም መልሰው ዘጉት። ሦስተኛውን ጊዜ ሊከፍቱ ሲሉ እኔ ኩታቸውን ያዝ አደረግሁ። ያኔ ሂርጳ ተነሣ። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ወንዙ ሳይሆን በጥር ስለተሳቀበት ነበር።

«አጥፍቻለሁ ሂርጳ። ይቅርታ አድርግልኝ» አሉት ባላምባራስ በሰው ሁሉ ፊት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመን! ዑስማን ተናገረ፣ ገዲሴ ተናገረች፣ ተጯጯህን፣ ተቆጣጣን። ባላምባራስ የሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ድልድዩ ከሾላው በላይ እንዲሆን፣ መንገዱም በሣር መሬታቸው እንዲያልፍ ወሰኑ። ቃለ ጉባኤው ስድስት ገጽ ወጣው፤ የተቃወመ ሁሉ በየስሙ ተጽፏል።

ድልድዩ ያን ክረምት አልተነቃነቀም። የተማሪው ትምህርት አልተቋረጠም፤ የገበሬው ወተትና እህል ገበያ ደረሰ፤ የታመመም ወደ ሐኪም ተሻገረ። እንዲያም ሆኖ ንዴቴ አልበረደም። በየመሥሪያ ቤቱ «እንዳሉት ጌታዬ» ሲባል ደስ የሚለውን ሹም፣ እንደኔም «በአንድ ቃል» ብሎ የሚጽፍለትን ጸሐፊ ዛሬም አያለሁ። ሁለቱንም እየጎተትኩ በንቲ የተኛበት መደብ አጠገብ ባቆማቸው ደስ ይለኛል።

ያን ድልድይ ስንሠራ፣ ግንዱ የተጋደመ ዕለት በንቲ በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። ባላምባራስ «ማሰሪያውን እዚህ ጋ አጥብቁት» ብለው አዘዙ። በንቲ ቆሞ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ገዲሴ በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«የለም ባላምባራስ» አለ። «እዚያ ጋ አይሆንም።»

ሠራተኛው ሁሉ እጁን አቆመ። ባላምባራስ ወደ እሱ ዞሩ።

«የት ጋ ይሁን ታዲያ?» አሉት።

በንቲ በምርኩዙ ጠቆመ፤ ባላምባራስም ገመዱን ራሳቸው ይዘው ወደዚያ ሄዱ።