ለራሷ እርግማን «አሚን» ያለች ልጅ

ወሬውን ያመጣችልኝ ጓደኛዬ ዘሀራ ናት፤ አላመንኳትም፣ ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ጎረቤታችንን እማማ መዲናን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ሳታስፈቅዳቸው ዐረብ አገር በመሄዷ የረገሟት ልጃቸው ከድጃ ተመልሳ ታጎርሳቸዋለች፤ እሳቸው ግን ሠራተኛ ትመስላቸዋለች። መጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ አሚን ካልተባለላቸው አይጎርሱም።

«ጥላኝ የሄደችውን ከድጃን አላህ ይጣላት!» አሉ።

«አሚን» አለች ከድጃ። ጎረሱ።

አላስችል ብሎኝ፣ «እማማ፣ ከድጃ እኮ ይቺ ናት!» አልኩ።

«ዝም በይ፣ ወሬኛ! ይቺማ መች ጣለችኝ? ለእናትሽ ያቆይሽ፣ ልጄ» ብለው መረቋት።

ለዚህኛው ምርቃት ከድጃ አሚን ማለት አቃታት። እኔ አልኩላት።

የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ እኛ ከሐይቅ ወደ ደሴ ሸሸን፤ ከድጃ ከእናቷ ጋር ቀረች። ስንመለስ እማማ መዲና ተቀብረዋል። ከድጃ እዚያው ቤት አለች።