የሳምሪ አወዳደቅ

የልጅ ልጄ ሳምሪ የሬስሊንግ ታጋይ ናት፤ የቴሌቪዥኑ ሳይሆን የየሰፈሩ አዳራሽ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው እንደሚስማሙ ራሷ አስረድታኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባለ አዳራሽ ግጥሚያዋን ላይ ሄጄ ከፊት ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሁለት ፈረንጆች የዓመቱን ታጋዮች ደረጃ ያወጣሉ። አንደኛው ሳምሪን አሳጥሮ፣ «ሳሚ ሦስተኛ ናት። ስትማታ ጎበዝ ናት፣ ስትወድቅ ግን አታሳምንም» አለ። ዞር ብዬ፣ «የእኔ ልጅ እንኳን ወድቃ፣ ቁጭ ብላም ታሳምናለች» አልኩት። ሳቀብኝ።

ወዲያው ግድግዳ የምታክል ሴትዮ ሳምሪን ከራሷ በላይ አንስታ ፈጠፈጠቻት። መሬቱ እስከ ጎረቤቱ ከተማ እስከ ሜፕልዉድ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። ልጅቷ አልተነሳችም። ምን ልበላችሁ፣ ስምምነት የተባለው ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ከዘራዬን ይዤ የመታገያው መድረክ ገመድ ሥር ደረስኩና፣ «በገላጋይ! ተይ፣ ልቀቂያት!» ብዬ ጮህኩ። በገላጋይ የተባለ ጠበኛ እኛ አገር እጁን ይሰበስባል፤ ሴትዮዋም አማርኛ የገባት ይመስል ድርቅ አለች። ሳምሪ እንደተዘረረች አንድ ዓይኗን ከፍታ፣ «አባባ፣ አይ አም ፋይን፤ ፕሊዝ፣ ሲት ዳውን» ብላ አንሾካሾከች።

አፍሬ ተመለስኩ። ሰውየው ግን አሁን አልሳቀም። «የውሸት መሆኑን አታውቅም ነበር?» አለኝ።

«ራሷ ነግራኛለች።»

ወደ ጓደኛው ዞረና፣ «እያወቀ እንኳ ከመቀመጫው ካስነሳችው አንደኛ ናት» አለው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሁሉ፣ ደረጃዋን ከፍ ላደርግላት ሆን ብዬ ነው የተነሳሁት እላለሁ።