ቁልፉን ማን አየው?

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማሙሽ! ምነው በሥራ ሰዓት? ... ቆይ፣ ቆይ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ። አንድ በአንድ ንገረኝ።

— (እማዬ፣ ካውያውን ንቀይልኝ እስቲ፣ ልብሱ እንዳይቃጠል። ... ማሙሽ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት።)

— እሺ፣ ሰማሁህ። የላቦራቶሪው ውጤት ከጠዋት ጀምሮ ለታካሚዎቹ ስልክ አልሄደም። ... የሙከራ ጊዜህ አርብ እንደሚያልቅማ አውቃለሁ! አሁን አርብን ተወውና መልእክቱን የሚልክላችሁ አገልግሎት የመለሰውን የስህተት ቁጥር አንብብልኝ። ... አራት መቶ አንድ? አራት መቶ ሦስት አይደለም? ... ሦስት ቢሆን «አውቅሃለሁ፣ ግን እዚህ አትገባም» ማለቱ ነበር። አንድ ሲሆን «አንተ ማን ነህ?» እያለህ ነው፤ ቁልፍህን፣ ያን የምትታወቅበትን የምስጢር ቃል፣ አልተቀበለውም።

— ትናንት ይሠራ ነበር? ... ስትወጣም? ... ቁልፉን ስትገለብጥ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ተከትሎህ እንዳይሆን። ... ለመለማመጃ የሚሰጡትን ቁልፍ ከዋናው ጋር አላምታታህም? ... የኮምፒውተሩ ሰዓትስ? ወደኋላ ከቀረ አንዳንዱ አገልግሎት አይቀበልም። ... እሱም ልክ ነው። እህ...

— በልተሃል ወይ ትልሃለች እማዬ። ... (በላሁ ይላል። ... እኔም አላመንኩትም።)

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ኢሜይልህን ክፈት። ከአገልግሎቱ ሰዎች የመጣ ነገር የለም? ... ማስታወቂያ መስሎህ ተውከው? አይ አንተ! አንብብልኝ። ... ቀስ በል። ... «ቁልፍዎ በአደባባይ ገጽ ላይ ስለተገኘ ሰርዘነዋል።»

— ማሙሽ። የት ነው የለጠፍከው? ... የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ገጽ ላይ። ኮዱን እንዳለ፣ ከነቁልፉ። ... አዎ፣ መልእክቱ ሁለቴ ሁለቴ እየሄደ ቢያስቸግርህ እርዳታ ፈልገህ ነው፣ ገባኝ። ታዲያ እኔ የት ሄጄ? ... «አንቺን ሁልጊዜ ማስቸገር አሳፈረኝ» ነው የምትለኝ? ወይ ጉድ! እህትህን አፍረህ ዓለምን ጠየቅክ!

— በቃ፣ በቃ። መጀመሪያ የለጠፍከውን አጥፋ። ... ጠፋ? አሁን አዲስ ቁልፍ አውጣ። ኮዱ ውስጥ እንዳትጽፈው፣ ለብቻው፣ ምስጢር በሚቀመጥበት አድርገው። ... አለሁ፣ እየጠበቅኩህ ነው። ... (ምንም አልሆነም እማዬ፣ ቁጭ በይ።) ... ሁለት መቶ፣ «እሺ» ብሎ መለሰ? እየሄደ ነው? እሰይ! ጎሽ የኔ ወንድም!

— የምን ቻው ነው? አልጨረስንም እኮ። ... ማታ ለጥፈህ እነሱ የሰረዙት ዛሬ ጠዋት ነው። እስከዚያ ያን ቁልፍ ያገኘ ሁሉ የተላኩትን ውጤቶች ማንበብ ይችል ነበር። ... ምናልባት ማንም አላየውም። ምናልባት። ማን እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ አንተ መክፈት ትችላለህ? ... አለቃህ ብቻ። እንግዲህ ለእሱ መንገር ነው...

— አዎ፣ ዝም ብትል ማንም ላያውቅ ይችላል። አርብም በሰላም ታልፋለች። አልዋሽህም፣ አንድ አፍታ እኔም እንደዚያ ተመኘሁልህ። ግን የሰው የደም ውጤት ነው፣ ማሙሽ። ለባሏ እንኳ ያልነገረች ሴት አለች እዚያ ውስጥ። ልጆቹ እንዳይሰሙበት የሚደብቅ አባት አለ። ሌላ ሰው አይቶባቸው ከሆነ ማወቅ አለባቸው። ... ሊያባርርህ ይችላል፣ አዎ። አያባርርህም ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልንገርህ? ከተባረርክ ወደ ቤት ና፣ አብረን ሥራ እንፈልጋለን።

— አሁኑኑ። ነገ ካልክማ አትሄድም፣ አውቅህ የለ! ... እሺ፣ አልዘጋም። ስልኩን ኪስህ ክተተውና ሂድ።

— (እሽሽ፣ እማዬ። አለቃው ጋ እየሄደ ነው። ... አንኳኳ። ... አዎ፣ ያ ቃል አይወጣውም የሚለን ሰውዬ። ... እየነገረው ነው። ... ሁሉንም፣ እማዬ። ምንም አላስቀረም። ... ጨረሰ።)

— (እኔንም ፈራ ፈራ አለኝ። ... ቆይ! ወንበር ተጎተተ። «ተቀመጥ፣ መዝገቡን አብረን እንየው» አለው። ... አርብ ምን እንደሚለው አላውቅም፣ እማዬ። ... አንቺ ደግሞ አታልቅሺ፣ እኔንም ታስለቅሺኛለሽ። በይ ልዝጋው፣ ይሥሩበት።)