ሃልቫርድና ያልተጨረሰው ወሬ

በኦለሱን ወደብ የጀልባ መጠበቂያ ውስጥ ሃልቫርድ ከአሠልጣኛቸው ከሱኒቫ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሊሸሿት አስበው ነበር፤ ውጭ ግን ዝናቡ አያስወጣም።

ሃልቫርድ ዕድሜያቸውን መርከብ በጠባብ ወሽመጥ ሲመሩ ኖረው፣ አሁን የምክር አገልግሎት ሙያ ይማራሉ። ሠልጣኝ ሁሉ፣ ባለጉዳዩ ከፈቀደ፣ ውይይቱን በድምፅ ቀድቶ በኋላ የገዛ ራሱን ማዳመጥ አለበት። እሳቸው ቢቀዱም ማዳመጡን አሻፈረኝ ብለዋል። ዛሬም እንቢ ካሉ ከሥልጠናው ይሰናበታሉ።

«ጠፉ እኮ፣ ሃልቫርድ» አለች ሱኒቫ።

«አልጠፋሁም፤ ተደብቄሽ ነው።»

ሳቀች። «ታዲያ ምን ወሰኑ?»

«ስሚ ልጄ፣ የምረዳው ሚስቱ የሞተችበትን ኦድቫርን ነው እንጂ ራሴን አይደለም። የራስን ድምፅ እየሰሙ መቆዘም የሥራ ፈት ነገር ነው። መርከብ ላይ ‹ወደ ግራ!› እላለሁ፤ ሰው ይድናል።»

«ኦድቫርስ ዳነ?»

ሃልቫርድ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። ኦድቫር ባለፈው ቀጠሮ ወንበሩ ገና ሳይሞቅ ተነስቶ ሄዷል። ዛሬ መምጣቱም ያጠራጥራል።

«ከወደብ ሳይነሱ በፊት ራዳሩን ይፈትሹ አልነበር?» አለች ሱኒቫ። «እዚህ ሥራ ላይ መሣሪያው እርስዎ ነዎት።»

«ምላስሽ አይጣል ነው! እሺ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ እንዳትጨቀጭቂኝ።»

ሥልጠናው የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ደርሰው በሩን ዘጉና ሁለቱም ያለፈውን ቀጠሮ ቅጂ አዳመጡ። ኦድቫር «ካፖርቷ እስካሁን በሩ ላይ...» ሲል የሃልቫርድ ድምፅ ተደረበበት፦ «ለተቸገረ ስጠው! በእግርህ ተንሸራሸር! ከሰው ተቀላቀል!» ከዚያ የኦድቫር ቀጭን «እሺ» ተሰማ።

የሃልቫርድ ፊት ቀላ። «አላስጨረስኩትም።»

«ምን አስፈራዎት?»

«ዝምታው። መርከብ ላይ እኔ ዝም ካልኩ ከድንጋይ ጋር እንላተማለን።» ጥቂት አሰቡ። «ይሄ ግን የእሱ መርከብ ነው። እኔ ገና መሪውን አልለቀቅሁም።»

መካሪ ራሱን ሲመረምር ጥቅሙ ለራሱ ብቻ አይደለም። የራሱን ፍርሃት ከባለጉዳዩ ሐዘን ይለያል፤ የድሮ ሥራው ልማድ የት እንደሚጠቅም፣ የት እንደሚያበላሽ ያውቃል። አዲሱ ሙያም ያኔ የእውነት የእሱ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ኦድቫር መጣ፤ የለበሰውን ካፖርት ግን አላወለቀም።

«ባለፈው አፍህን ዘጋሁብህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሃልቫርድ። «ስለ ካፖርቷ ልትነግረኝ ነበር።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ሃልቫርድን ምላሳቸው በላቸው፤ ነገር ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ጠበቁ።

«ጠረኗ እየለቀቀው ነው» አለ ኦድቫር በመጨረሻ፣ አለቀሰም። ከዚያ ሰዓቱ እስኪያልቅ አወራ፤ ቀጣዩን ቀጠሮም ራሱ ጠየቀ።

ሃልቫርድ እሱን ሸኝተው የሱኒቫን በር አንኳኩ።

«ፈቅዶልኝ የዛሬውንም ቀድቻለሁ» አሉ። «ሁለት ቦታ ላይ ጣልቃ ልገባበት ነበር። ነይ፣ እንስማው።»