ከሎሪው ሥር የገባው ማረሻ

እኔ ቀጥቃጭ ነኝ። ጎንደር ሳለሁ ማረሻና ማጭድ የምሠራው ከገበያ በምገዛው ቁርጥራጭ ብረት ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ያወቅሁት በረሃቡ ጊዜ፣ ሱዳን ተሰደን ሳለን፣ ከገዳሪፍ ወደ መጠለያችን ማሽላ የጫነው ሎሪ ዓይናችን እያየ መንገድ ላይ ሲቆም ነው። ሱዳናዊው ሾፌር "ወላሂ፣ ባሌስትራው ተሰብሯል፤ ሌላ እስኪመጣ ሦስት ቀን ነው" አለን። ሦስት ቀን! ልጆቻችን እኮ ለነገም አይደርሱ። ከሎሪው ሥር ገባሁ። እንደ ቀስት የጎበጡ ረጃጅም ብረቶች ተደራርበው ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክመዋል። በመዶሻ መታ ሳደርገው፣ ምን ልበላችሁ፣ ድምፁን ስሰማ ፀጉሬ ቆመ። ዕድሜ ልኬን እሳት ውስጥ ስከተው የኖርኩት ብረት ነው! ለካ አገሬው ሁሉ ሲያርስ የኖረው በመኪና አጥንት ነው!

"ማረሻ ያለው!" ብዬ ጮህኩ። በገላባት በኩል ድንበር ተሻግሮ በእግሩ የመጣው ጋሽ ካሳ፣ በሬዎቹ አልቀውበት ማረሻውን ብቻ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። "አገሬ ስገባ በምን ላርስ?" አለና እቅፍ አደረገው። ከዚያ ልጆቹን አየት አድርጎ ሰጠኝ። ስብራቱ ላይ ደርቤ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት፤ ሎሪው እንደ እርጉዝ ላም ቀስ እያለ መጠለያው ደረሰ። ማሽላው ከተራገፈ በኋላ ማረሻውን ፈትቼ መለስኩለት።

"ይቅር በለኝ ጋሼ፣ ጎብጧል። አቃናልሃለሁ" አልኩት።

በእጁ ዳሰሰው። "ተወው" አለኝ፤ "ያን ሁሉ እህል ተሸክሞ ባይጎብጥ ነበር የሚገርመኝ።"